ገነቴ የሸሸችው ቃል

ገነቴ ስዊድን አገር አዋላጅነት ስትማር አንድ ቃል ከአፏ አልወጣ አለ። ቃሉ "ባርን" ነው፤ በአገሬው ቋንቋ ልጅ ማለት። እንግዲህ አዋላጅ ሆኖ ልጅን በስሙ ሳይጠሩ እንዴት ይዘለቃል?

ሰነፍ ሆና አይደለም። የባሏ አባት ስም ባፈና ነው፣ አለቀ! ሆሳዕና አካባቢ ያደገች የሐዲያ ሴት ካገባች በኋላ የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ፣ ለገነቴ በ"ባ"፣ የሚጀምር ሌላ ቃልም አትናገርም። ገነቴ ደግሞ አቶ ባፈናን የምታከብራቸው ለወጉ ያህል ብቻ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. በአካባቢው የነበረው የሚሲዮን ክሊኒክ ለሁለት ዓመት ትምህርት ሲመርጣት፣ ዘመድ አዝማዱ "ኧረ ጉድ! ገና ጡት የጣለች ልጇን ትታ?" ብሎ ሲንጫጫ፣ ባሏ አበራ እንኳ ሲያመነታ፣ "ትሂድ፤ ጣቢታን እኔ አሳድጋለሁ" ያሉት እሳቸው ናቸው።

እናም እዚያ ብርድ አገር ቀኑን ሙሉ ቃል ስትሸሽ ትውላለች። ልጁን "ትንሹ" ትለዋለች። በአገሬው ቋንቋ መታጠቢያውም በ"ባ" ይጀምራል፣ ባንኩም በ"ባ"፤ ምን ዓይነት ጣጣ ነው! ከትምህርት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ትዘረጋለች። ያደከማት ትምህርቱ አይደለም፤ ሽሽቱ ነው። መምህሯ ይህን ከየት ትወቀው? "ቋንቋው አልገባትም" ብላ ጻፈችባት። የመጨረሻው ፈተና የቃል ነው፤ ከወደቀች ያለ ምስክር ወረቀት አገሯ ትመለሳለች ተባለ።

በፈተናው ቀን ሦስት ሰዎች ፊት ቆመች። አንዷ ፈታኝ የሕፃን ሥዕል እያሳየቻት "ይህ ምንድን ነው?" አለቻት።

"ትንሹ።"

"ስሙን ነው የጠየቅንሽ።"

ገነቴ ጣቢታን አሰበች። ልጄ ሁለት ዓመት ያለ እናት የኖረችው እኔ ያለ ወረቀት ልመለስ ነው እንዴ? ዓይኗን ጨፈነች።

"ባርን" አለች።

አለፈች። ሰዎቹ እንኳን ደስ አለሽ እያሉ ሲጨብጧት እሷ ሆዬ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

ሆሳዕና ስትደርስ ጣቢታ አያቷ ጉያ ተወሽቃ እንደ እንግዳ አየቻት። ገነቴ ወረቀቷን እንኳ ሳታሳይ አቶ ባፈና ፊት አጎነበሰች።

"አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከአፌ ማውጣት የሌለብኝን ቃል አውጥቻለሁ፤ አንድ ጊዜ።"

ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንቺ የዋህ! እዚያ እኔን የሚያውቅ ማን ነበረና ነው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ የተንገላታሽው?"

"ማንም አልነበረም" አለች ገነቴ፤ ድምፅዋ ዝሏል። "ለዚህ እኮ ነው፣ አባ። ከቤቴ ይዤ የሄድኩት ይህን ወግ ብቻ ነበር።"

አቶ ባፈና ጣቢታን ከጉያቸው አውጥተው "ሂጂ፣ እናትሽ ናት" ብለው ገፋ አደረጓት። ልጅቷ ግን ጋቢያቸውን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች።