በጋቢዬ ላይ የተማርኩት ዓሳ

መቼ እንደነበር ልኩን አላስታውስም። ጾም እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ባለቤቴ በሳህን የምታቀብለኝ ሽሮ ቅቤ አልነበረውም። የገና ጾም ይሁን ሌላ፣ ያ ከልቤ ጠፍቷል።

ፀዳ በምትባለው ከተማ ያለውን የቤቴን አጥር ስጠግን ነው ሊይዙኝ የመጡ። የመኪናቸውን ሞተር እንኳ አላጠፉም።

«ልጅህ የት ነው?» አሉኝ።

«እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቀው» አልኩ። ጋቢዬን ደርቤ አብሬያቸው ሄድኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ጥጋጥጉ የነቀዘ ማሽላ ይሸታል። መስኮቱ ከጣራው ሥር ነው፤ ሰማይ እንጂ ሰው አይታይበትም። ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ጆንያ አንጥፎ ተቀምጧል። ከኮላ ድባ ወዲያ፣ ከጣና ዳር የመጣ ዓሳ አስጋሪ ነው። አላናገርኩትም። የመጣልኝንም ምግብ አልነካሁ። አፌ መብላትም መናገርም የረሳ መሰለኝ።

በማግስቱ «አያ፣ ምነው አይበሉም?» አለኝ።

ሳህኑን ወደ እሱ ገፋሁለት።

«እኔ ቤት ቢሆኑ ቆሮሶ አበላዎት ነበር። ከዓሳ ሁሉ እሱ ነው ሸጋው።»

ይህን ጊዜ ልጄ ትዝ አለኝና ሳላስበው አወራሁት። አንድ ቀን ልጄ ከጎርጎራ ገና የሚንፈራገጥ ዓሳ በርጥብ ጆንያ ይዞልኝ መጣ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩና በስመ አብ ብዬ አረድኩት። ከዚያ በጅራቱ ምሰሶ ላይ ሰቅዬ ቆዳውን እንደ በግ ልገፍ ስታገል ሥጋው በእጄ ተበጣጠሰ። «ሌላ ጊዜ አመጣልሃለሁ፣ አባዬ» አለኝ ልጄ እየሳቀ። ያ ሌላ ጊዜ ሳይመጣ ቀረ።

አስጋሪው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ኧረ አያ፣ ዓሳ ምኑ ይታረዳል? ከውኃ ሲወጣ አብቅቶለታል። ደግሞስ አንገቱን የት አገኙት?»

እኔም ሳቅሁ። የመጣልኝን ሽሮ አብረን በላን።

ስንጨርስ ጋቢዬን እንደ ዓሳ ጠቅልሎ መሬት ላይ አጋደመው። የፕላስቲክ ማንኪያውን እጀታ ቢላዋ አደረገ።

«ይኸውልዎ፣ ራሱ በዚህ ነው። ሆዱን አይክፈቱ፤ ሐሞቱ ከፈሰሰ ሥጋው ይመራል። ከሚተነፍስበት ክዳን ኋላ እስከ አጥንቱ ይቁረጡ። አጥንት ሲነኩ ይቁሙ። አሁን ቢላዋውን አጋድመው በአጥንቱ ላይ ወደ ጅራቱ ያስኪዱት። አይጫኑት።»

«አጥንቱን መልቀቄን በምን አውቃለሁ?»

«ቢላዋው ቅርር ቅርር ይላል። ድምፁ ከጠፋ ሥጋ እየተዉ ነው። ጅራቱ ጋ ሲደርሱ አይበጥሱት፤ ሥጋውን ወዲያ ይገልብጡት። ጣትዎን ጨው ያስነኩና ጅራቱን ይያዙ፣ እንዳያዳልጥዎ። ከዚያ በቆዳውና በሥጋው መካከል ቢላዋውን ይግፉት። ከተሜው ፊሌቶ የሚለው ይኸው ነው።»

ሁለተኛውን ጎን ለእኔ ተወልኝ። «እጅዎ ከበደ፣ አያ። ማረሻ አይደለም እኮ የያዙት» አለኝ።

በነጋታው ጠዋት ጠሩት። «ይለማመዱበት» አለና ወደ ጋቢዬ በአገጩ አሳየኝ። አልተመለሰም።

ከሰዓት በኋላ እኔን ጠሩኝ። መርማሪው በዕድሜ ከልጄ አይበልጥም።

«አብሮህ የነበረው ሰው ምን አለህ?»

«ስለ ዓሳ አወራን።»

«ሌላስ?»

«ስለ ዓሳ።»

«‹ሰው አሰባስብልኝ ብሎኛል› በልና ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ቤቴ በዐይኔ መጣ። ያልጨረስኩት አጥር፣ ሳህን ይዛ በር ላይ የምትቆመው ባለቤቴ። ያን ብል ደግሞ አስጋሪው ምን እንደሚደርስበት አልጠፋኝም።

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አልኩት። የምፈርም መስሎት ሰጠኝ።

ጋቢዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጠቀለልኩት። ከክዳኑ ኋላ ቆረጥኩ። አጥንቱ ላይ ቆምኩ። እስክሪብቶውን አጋድሜ ወደ ጅራቱ ነዳሁ። ሁለቱንም ጎን ሳልቸኩል አወጣሁ።

«እሱ ያለኝ ይህንን ነው» አልኩ።

በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቁን አፈነ። መርማሪው እስክሪብቶውን ነጠቀኝና «መልሱት» አለ።

ክፍሉ ባዶ ነበር። ጆንያውን እንኳ ወስደውታል። ከዚያ ወዲያ ሰው አልጨመሩልኝም። ቀኑ ሲረዝምብኝ ጋቢዬን እጠቀልላለሁ። ያ ጠባቂ በበሩ ቀዳዳ ያየኝና «አያ፣ ዛሬም ዓሳ ነው?» ይለኛል። «ዛሬም» እለዋለሁ። ከሰው ጋር የነበረኝ ወሬ ያ ብቻ ነው።

ኋላ ለምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ልጄ እስካሁን አልመጣም። አልፎ አልፎ አዘዞ ወርጄ ቆሮሶ እገዛለሁ። ባለቤቴ ሽታውን ስለማትወድ ጎረቤት ትሄዳለች፤ እኔ ደጃፌ ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሥጋውን ከአጥንቱ አወጣለሁ። ቅርር ሲል እሰማዋለሁ። አንዱን ጎን ጠብሼ እበላለሁ። ሌላውን ጨው ነስንሼ ለልጄ አኖርለታለሁ፤ ሲመሽ ለሰው እሰጠዋለሁ።

ከኮላ ድባ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ አስጋሪው እጠይቃለሁ። እስካሁን አየሁት ያለኝ የለም። ሲስቅ እንባው የሚመጣ ሰው ነው እላቸዋለሁ። ባዬ ነው ስሙ፤ ባዬ።