ሸራው የተዘረጋ ዕለት

ማራኪ ግቢ፣ የዩኒቨርሲቲው የሳተላይት ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃችን የፎቁ ጣራ ላይ አወጣኝና አንቴናውን አሳየኝ። «ከሬዲዮ ጥገና ነው የመጣኸው አሉ። ይሄም ያው ሬዲዮ ነው፤ የሚናገረው ሰማይ ላይ ሆኖ ነው እንጂ» አለኝ። ሳተላይቷ የታለች ብዬ ብጠይቀው ወርደን ጠረጴዛ ላይ አሳየኝ። ከጫማ ካርቶን ታንሳለች። ለዚች ነው ይሄ ሁሉ ሰው የሚራወጠው? አልኩ በሆዴ።

የሠራቻት ኢንጂነር ስመኝ ናት፤ የዛሪማ ገበሬ ልጅ። ሥራቸውን የጨረሱ ሳተላይቶች እዚያው ላይ ሲዞሩ ይኖራሉ፤ ለሌሎቹ አደጋ ናቸው። የእኛዋ የምትላከው ለሙከራ ነበር። በመጨረሻ ስስ ሸራ ትዘረጋለች፤ ሸራው ያዘገያትና ወርዳ አየር ላይ ተቃጥላ ታልቃለች። ያን ሸራ ስመኝ ትንፋሿን ይዛ ስታጥፈው አይቻለሁ።

ሳተላይቷ ከመጠቀች በኋላ የእኔ ሥራ አንቴናውን ማዞርና ድምፅዋን መያዝ ሆነ። ትእዛዝ መላክ የምትችለው ግን ስመኝ ብቻ ነበረች። ሌላ ሰው እናስተምር ስንል ሌላ ሥራ ይመጣል፤ እንዲሁ ሲገፋ ቆየ።

ባትሪዋ ይደክም ጀመር። አለቃችን «ነገ ጠዋት በላያችን ስታልፍ ሸራው ካልተዘረጋ አበቃ» አለን። በማግስቱ ማለዳ ከዛሪማ ተደወለ፤ የስመኝ አባት አርፈዋል። ቀብሩ እኩለ ቀን ላይ ነው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ለመድረስ ያኔውኑ መነሳት ያስፈልጋል።

«ሂጂ» አልኳት።

«ትእዛዙን ማን ይልካል ጋሼ?» አለችኝ።

ወደ አለቃችን ዞርኩ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

ተቀመጠች። አንቴናውን አዞርኩ፣ ድምፁን ያዝኩ፤ እያለቀሰች ትእዛዙን ላከች። ሸራው መዘርጋቱን የሚናገረው መልስ መጣ። አለቃችን እንኳን ደስ አለሽ ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ዛሪማ ስንደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ገብቷል። አጎቷ አያ ታከለ በር ላይ ቆመው «ምነው ልጄ! አባትሽን አፈር ሳታለብሺው?» አሏት። እግራቸው ላይ ወደቀች። እኔም አለቀስኩ፤ ሟቹን አላውቃቸውም፣ ለእሷ ነው።

ለሙት ዓመቱም አብሬያት ሄድኩ። የአያ ታከለ ቁጣ በርዷል፤ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ያ ከቀብር የቀረሽበት ሥራ ሸጋ ሆነ?»

«ሆነ አያ።»

«የታለ? እስቲ አሳዪኝ።»

«የለም፤ ተቃጥሎ አለቀ። እንዲያልቅ ነው የተሠራው።»

ሽማግሌው «እንግዲህ ብይ ልጄ» አሉና ትሪውን አስጠጉላት። ስመኝ ግን መጉረስ አቃታት።

ዛሬ ጣቢያውን የምመራው እኔ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ነው፦ አንዱን ሥራ ለሁለት ሰው አስተምሩ። አንዱ ሄዶ አባቱን ይቅበር።