ስምንት ነጥብ ሦስት

ኸር ቪላንድ ሮታመል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የዩኒቨርሲቲያችን ወርክሾፕ ማስተር ነበሩ። እኔ ጉድሩን ቴስመር ደግሞ ከግድግዳው ማዶ የዕቃ ግምጃ ቤቱን እይዛለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ በር ስንገባ ስንወጣ እስከ ዛሬ አንቱ ለአንቱ ነን፤ እኔ «ኸር» እላለሁ፣ እሳቸው «ፍራው» ይሉኛል፤ አቶና ወይዘሮ እንደማለት ነው። ተማሪዎቹ በዚህ ይስቁብናል። ይሳቁ፤ መከባበር የሚያስቅ ከሆነ ምን ይደረጋል!

እዚህ ግቢ የመጣ እንግዳ የሚወሰደው ወደ ፕሮፌሰሮቹ ነው። የዋናው አዳራሽ ግድግዳም በሥዕሎቻቸው ተሞልቷል፤ ከሁሉ በላይ የተሰቀለው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት «ቦይ የሚቆፍርና ድልድይ የሚሠራ ሰው አጣሁ» ብሎ ትምህርት ቤቱን ያቆመው የአገሩ መስፍን ነው። የዓለም ጦርነቱ ግማሹን ሕንፃ አፈረሰው። ከዚያ በኋላ መማር የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ አካፋ ይዞ ፍርስራሽ መጥረግ ነበረበት፤ ያልጠረገ አይመዘገብም። የሮታመል አባት ግንበኛ ነበሩ፤ የኛን ሦስተኛ ፎቅ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ስማቸው ግን የትም የለም። ልጃቸው በሠሯቸው ማሽኖች ደግሞ ከመቶ በላይ ሰው ዶክተር ሆኗል፤ የልጅየውም ስም የትም የለም።

አንድ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዶክትሬት ጽሑፎችን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። «ምን ፈልገው ነው?» ስላቸው ቀላ አሉና «ምንም፤ የማሽኖቼን ፎቶ» አሉኝ። ዋሹኝ፤ እንደዋሹኝም አወቅሁ፤ አዘንኩላቸው።

በወርክሾፑ የሚነካ ነገር አለ፣ የማይነካ ነገር አለ። የማይነካው የፑንታ ሳጥናቸው ነው። ከአንድ ሚሊሜትር እስከ አሥራ ሦስት፣ በየነጥብ አንድ ሚሊሜትሩ፣ እያንዳንዱ መሰርሰሪያ ብረት የራሱ ጎሬ አለው። ሳጥኑ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከቀበቷቸው አይወርድም። አንድ ወጣት ፕሮፌሰር ሳይጠይቅ ሊከፍተው ቢሞክር «የእርስዎን የጥርስ ብሩሽ ተውሼ አውቃለሁ?» ብለው አሳፍረው ሰደውታል።

ጡረታቸው አራት ወር ሲቀረው የስቫንትየ ኦልሰን የዶክትሬት የቃል ፈተና ደረሰ። ስቫንትየ የሰሜን ባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ሃይድሮጂን በተርባይን ውስጥ እንዴት እንደሚነድ ሮታመል በሠሩላት ማሽን አራት ዓመት ሙሉ ስትለካ ኖራለች። አንድ ነገር ግን አልገጥም አላት፤ ማሽኑ የሚያሳየው የጋዝ መጠን እሷ ከምታሰላው ሁልጊዜ ሰባት በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሒሳቡን ደጋግማ ሠራች፤ ቧንቧውን ሁሉ ፈታታችው፤ እኔ ግምጃ ቤት የካርቶን ክምር ላይ ተቀምጣም አልቅሳለች። በመጨረሻ ጽሑፏን ስታስገባ «ምክንያቱ ያልታወቀ ልዩነት» የሚል ምዕራፍ ጨመረችበት። የትኛው ተፈታኝ ነው እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ በገዛ እጁ ለፈታኞቹ የሚከፍት?

እኛ ዘንድ ፈተናውን ላለፈ ሰው ባልደረቦቹ ባርኔጣ ይሠሩለታል። ጥቁር ካርቶን ነው፤ አናቱ ላይ ግን የድካሙ ነገር ሁሉ ይተከልበታል። ከዚያ በእጅ ጋሪ ላይ አስቀምጠው፣ እየጮሁ፣ ግቢው መሃል በቆመው አሮጌ የእንፋሎት ሞተር ዙሪያ ያዞሩታል። የባርኔጣው ብረታ ብረት ሁልጊዜ የሮታመል ድርሻ ነው። ለቀልድ የሚደረግ ነገር ነው ብለው አያላሉትም።

ማክሰኞ ዕለት፣ ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከተፈታታው ማሽን ላይ ጋዙ የሚወጣበትን የነሐስ አፍንጫ ወስደው ባርኔጣው አናት ላይ ሊያቆሙት አሰቡ። ማቆሚያ እንዲሆነው በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ ስምንት ሚሊሜትር ዘንግ አወጡለት፤ የአፍንጫው ቀዳዳ በንድፉ ላይ ስምንት ነውና። ትንሽ ቆይቶ በሬን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ፍራው ቴስመር፣ ካሊፐር ይስጡኝ።»

«የርስዎስ?»

«የኔን አላመንኩትም።»

አፍንጫውን በዘንጉ ላይ ሰክተው ነቀነቁት። ተንገጫገጨ። በኔ ካሊፐር ሦስት ጊዜ ለኩ። ስምንት ነጥብ ሦስት።

ተከትያቸው ሄድኩ። ሳጥኑን ከፍተው ከስምንቱ ጎሬ የወጣውን ፑንታ ወደ መብራቱ አቀረቡት፤ የተቀረጸበት ቁጥር ስምንት ነጥብ ሦስት ይላል። ስምንቱ በስምንት ነጥብ ሦስቱ ጎሬ ተቀምጧል።

«ማን ነክቶት ነው?» አልኩ።

ቀበቷቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡት። «ማንም። እኔው ነኝ ያቀያየርኩት።»

«ታዲያ ቁጥሩን አያነቡም?»

«በስምንት ቦታ የተቀመጠ ስምንት ነው! ቦታውን እንጂ ቁጥሩን ማን ያነባል? ሳጥኔን አምኜ መለካት ከተውኩ ቆየሁ።»

ይኼ የኛ አገር ሰው በሽታ ነው። ቦታ ቦታውን ከያዘ ዕቃውን አንጠረጥርም። በዚያ ሳጥን ስንት ብሎን ላልቶ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

አሁን ሳስበው አፍራለሁ እንጂ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። «ኸር ሮታመል፣ ዝም አይነቅዝም። የቀረዎት አራት ወር ነው። ‹ሮታመል ሠርቶት ከሆነ ልክ ነው› ሲባልልዎት ኖረው በመውጫዎ ስምዎን አያበላሹ። አፍንጫውን ባርኔጣው ላይ ይትከሉት፤ በሙጫ ያጣብቁት፤ አለቀ።»

«ልጅቷስ? ያን ሰባት በመቶ ዕድሜ ልኳን ስትፈልግ ትኑር?»

ሽርጣቸውን ፈቱ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ፀጉራቸውን አበጠሩ። አባታቸው ወደገነቡት ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ እኔም የወረቀት ካርቶን ተሸክሜ ተከተልኩ። ካርቶኑን ያዘዘኝ ሰው አልነበረም።

አፍንጫውንና ዘንጉን ስቫንትየ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ነቅንቂው» አሏት። ነቀነቀችው።

«ስምንት አይደለም። ስምንት ነጥብ ሦስት ነው። የበሳሁት እኔ፣ ሳልለካ ‹ስምንት› ብዬ የፈረምኩትም እኔ። ፕሮፌሰሩ ጋ አሁኑኑ ሄጄ እናገራለሁ።»

ልጅቷ አመድ መሰለች። «አራት ዓመት!» አለች። «አራት ዓመት ራሴን ደደብ እያልኩ ስሰድብ!» ኸር ሮታመል የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ቆመው ቀሩ። እሷ ግን ወዲያው ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ አንዲት ቁጥር ቀየረች። የሒሳቡ መስመር ከታች ተነሥቶ ወጣና ማሽኑ በለካቸው ነጥቦች ላይ ሄዶ ተኛ።

«ልክ ነበርኩ!» ብላ ጮኸች። «ኸር ሮታመል፣ ልክ ነበርኩ እኮ!» አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው እንደ ምሰሶ ቆሙ።

የጽሑፏ አማካሪ ፕሮፌሰር ሉዲንግሃውስ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ። «ሦስት ቀን ሲቀር?» ከዚያ መስመሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ፈተናው አይዘገይም። ግን እዚያ ቆመሽ ሁሉንም ትናገሪያለሽ፤ ስህተቱ የማን እንደሆነም ጭምር» አሏት። ቀጥለው ወደ ማስተሩ ዞሩ። «ስምዎ በአደባባይ ይነሣል፤ ይህን ያውቃሉ?»

«ይነሣ» አሉ ኸር ሮታመል።

ዓርብ ዕለት ለሰርግም ለቀብርም የሚለብሷትን ሱፍ ለብሰው ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው። ከሌላ ከተማ የመጡት ሽማግሌ ፈታኝ እንደፈራነው ያችኑ ምዕራፍ ገለጡ። «ይህ ሰባት በመቶ ከየት መጣ?»

ስቫንትየ አፍንጫውን ከኪሷ አወጣች። «የተሳሳቱት ማስተራችን ኸር ሮታመል ናቸው። ያገኙትም እሳቸው ናቸው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ይዘውልኝ መጡ። እነሆ ትክክለኛው ስሌት።» አዳራሹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየን። ኸር ሮታመል ጫማቸውን አዩ።

ሽማግሌው ወደ ሉዲንግሃውስ ዞሩ። «እናንተ ስህተቱን ራሱ ይዞ የሚመጣ ወርክሾፕ አላችሁ? የኛ ወርክሾፕ ተሳስቶ አያውቅም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው።» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ከኋላ አንዱ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ሁሉም ተከተለ። በኛ ግቢ ጭብጨባ ማለት ይኸው ጠረጴዛ መደብደብ ነው። እኔ ሳላፍር አለቀስኩ።

ፈተናውን ያለፈችውን ስቫንትየን የጫነው ጋሪ የእንፋሎቱን ሞተር ሲዞር አፍንጫው ባርኔጣው አናት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። በአዲስ ዘንግ ተተክሏል፤ አይንገጫገጭም።

ታርሞ የታተመው መጽሐፍ የደረሰው በየካቲት፣ በሥራቸው የመጨረሻ ሳምንት ነው። ስቫንትየ ራሷ ገጹን ገልጣ ሰጠቻቸው። የማሽኑ ልኮች በተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ፣ ከስምንት ነጥብ ሦስቱ አጠገብ «ሠሪና ለኪ፦ ማስተር ቪላንድ ሮታመል» ይላል። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ ጠርገው እንደገና አደረጉ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት በትክክል ስሠራ ማንም አልጻፈኝም» አሉ። «አንድ ጊዜ ብሳሳት መጽሐፍ ውስጥ ገባሁ።» ከዚያ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን የሳጥኑን ቁልፍ ከቀበቷቸው ፈትተው እኔ ጋ ተዉት። ከክዳኑ ውስጥ «ከመብሳትህ በፊት ቁጥሩን አንብብ፤ ከበሳህ በኋላ ለካ» ብለው ጽፈዋል። ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። በመስኮት ሳያቸው ግን ወደ ትራሙ ፌርማታ ሳይሆን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ታጠፉ።

መስኮቱን ከፍቼ ጮኽኩ። «ኸር ሮታመል! አሁን ደግሞ ምን ፈልገው ነው?»

ይህን ጊዜ አልዋሹኝም። «ስሜን!» አሉኝ።