እመቤትየዋ የሉም

ሸሚዝ ሲተኮስ መጀመሪያ ኮሌታው ነው። ሴትዮዋ ጣታቸውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክረው ውሃውን ረጨት ረጨት ያደርጉና ካውያውን ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሃል ይገፋሉ። ከመሃል ወደ ጫፍ ከተገፋ ጨርቁ ጫፉ ላይ ይጨማደዳል። ቀጥሎ ትከሻው፣ ቀጥሎ የእጅጌው ጫፍ፣ ከዚያ እጅጌው፣ በመጨረሻ ደረቱ። በቁልፎቹ መካከል በካውያው አፍንጫ ብቻ ነው የሚያልፉት፣ ሕፃን እንዳይነቃበት እንደሚፈራ ሰው ትንፋሻቸውን ውጠው። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ይህ ሰባተኛው ሸሚዝ ነው። ሰባቱም የጎረቤትየዋ ባል ሸሚዞች ናቸው።

የሚተኩሱት በራሳቸው ሳሎን፣ በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ፣ አራት ታጥፎ በተነጠፈ በራሳቸው ብርድ ልብስ ነው። ቤቱም የራሳቸው ነው። መምህር ከነበሩት ከሟች ባለቤታቸው ጋር ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ሠርተው የገቡት አካባቢው ገና ባዶ ሜዳ ሳለ ነው። ያኔ ዘመድ ሁሉ «ከሰው ተለይታችሁ ምን ልትሆኑ ነው?» ይላቸው ነበር። በኋላ ሰው መጣ፤ ያውም ባለጸጋው። አስፋልት ተነጠፈ፣ አጥር ላይ አጥር ተጨመረ፣ የአንዳንዱ ግቢ የውሻ ቤት ከሳቸው ወጥ ቤት የሰፋ ሆነ። የጥጓ ሱቅ ፈርሳ ባለመስታወት መደብር ተተካች። እዚያ ቲማቲም አራት አራት እየሆነ፣ እንደ ሙሽራ በላስቲክ ተሸፋፍኖ ይቀመጣል። ዋጋውን ሲጠይቁ ሻጯ ቀና ብላ ታያቸዋለች እንጂ ቶሎ አትመልስም። እዚያ ሰፈር ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የለም። የባላቸው ጡረታ ደግሞ ወሩን አጋምሶ ወገቡ ይቆረጣል።

ስለዚህ የሚገዙት ታች ነው። መንገዱ ሲያልቅ አንዲት ትንሽ የብረት በር አለች፤ ከበሯ ኋላ ስልሳ ሁለት ደረጃ፣ ከደረጃው ግርጌ ገበያው። ከገበያው አጠገብ ደግሞ ታላቅ እህታቸው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት ያለፋቸው እህታቸው አሉ። ሴትዮዋ በየቀኑ ሾርባና ሩዝ በምሳ ዕቃ ይዘው ይወርዳሉ፣ አጥበው፣ አልብሰው፣ አብልተው ይመለሳሉ። በዚያች በር አሥር ደቂቃ ነው።

የሸሚዙ ነገር የተጀመረውም የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጎረቤትየዋ በገባች ሳምንት ነው። ሴትዮዋ አሮጌ ሽርጣቸውን አገልድመው የደጃፋቸውን ቅጠል ሲጠርጉ፣ መኪናዋን አቁማ መስኮቱን በግማሽ ዝቅ አደረገች።

«ስሚ፣ እመቤትሽ አሉ?»

ሴትዮዋ መጥረጊያቸውን አዩ። ጫማቸውን አዩ፤ አንዱ ተረከዙ የለም። «እኔ ነኝ» ማለት ምንም አይደለም። ግን ይህ ሲነገራት የዚያች ሴት ፊት እንዴት እንደሚሆን ቀድሞ ታያቸው። ዓይነ አፋር ናቸው፣ የሰው እፍረት ከራሳቸው እፍረት ይልቅ ይከብዳቸዋል።

«የሉም» አሉ።

«ሲመጡ አዲሷ ጎረቤት ሰላም ብላለች በያቸው። አንቺ ልብስ መተኮስ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ለዚያች ቀን ብቻ መስሏቸው ነበር። ነገሩ ግን እየዋለ እያደረ ሥር ሰደደ። ለሸሚዝ የሚከፈላቸው የጎደለውን የወር እኩሌታ ሞላ። ጎረቤትየዋ በጠየቀች ቁጥር እመቤትየዋ አንዴ ልጃቸው ጋ ሄዱ፣ አንዴ ራሳቸውን አመማቸው፣ አንዴ ተኙ። ጎረቤትየዋ፣ «ኩሩ ናቸው ማለት ነው» አለች፤ ሳታያቸው በቆየች ቁጥር አክብሮቷ ጨመረ። አንድ ቀን ለእመቤትየዋ በሪባን የታሰረ ኬክ፣ ለሠራተኛዋ የትናንት ዳቦ ሰጠቻቸው። ሁለቱንም ይዘው ወደ እህታቸው ወረዱ።

«ለራስሽ ሠራተኛ ሆነሽ ተቀጠርሽ?» አሉ እህታቸው ትራሳቸውን ተደግፈው። «ለመሆኑ ደመወዝሽን ለራስሽ ትከፍያለሽ?»

«ተይ እንጂ እትዬ።»

«አይ፣ ልጠይቅ ብዬ ነው። ኬኩን የምትበላው አንደኛዋ ናት ወይስ ሁለተኛዋ?»

ተሳሳቁና ኬኩን ለሁለት ተካፈሉ።

እውነቱን የሚያውቀው የመንገዱ ዘበኛ ብቻ ነበር። መምህሩን ያውቃቸው ነበር። አንድ ጠዋት «እንዴት አደሩ፣ እናቴ?» ሲላቸው ጎረቤትየዋ ሰማችው።

«ለሠራተኛ ‹አደሩ› ትላለህ?»

«ለዕድሜያቸው ነው» አለና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ጎረቤትየዋ የነዋሪዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ባለፈው ሳምንት ሸሚዞቹን ስታስረክባቸው ከላይ ፖስታ ጨመረችበት። «ይህን ለእመቤትሽ ስጪ።»

ቤታቸው ገብተው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ትንሿ በር የማንም መተላለፊያ ስለሆነች በብሎኬት ትዘጋለች ይላል። ከቤት ባለቤቶች አንድ እንኳ የተቃወመ ካለ አትዘጋም፤ የሚቃወም እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ራሱ ሰብሳቢዋ ቤት መጥቶ ይፈርማል፤ ያልመጣ እንደተስማማ ይቆጠራል። «የማንም» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበቧት።

በማግስቱ እንደ ሠራተኛ ጠየቁ። «እመቤትየዋ በጽሑፍ ቢልኩትስ?»

«ሠራተኛ ያመጣውን ፊርማ ማን ያምናል? ራሳቸው ይምጡ፣ በዚያው እንተዋወቃለን። ደግሞ አይቃወሙም። እንደሳቸው ያለ ሰው በዚያ በር አያልፍም። የምታልፊው አንቺ ነሽ፤ ለአንቺ ደግሞ እሳቸው የታክሲ ይስጡሽ።»

ይህን ለእህታቸው ሲነግሩ እህታቸው አልሳቁም።

«በሯ ከተዘጋች በየት ነው የምትመጪው?»

«በዙሪያው። ሁለት ታክሲ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱ።»

«በየቀኑ አይሆንም።»

«አይሆንም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሂጂና እኔ ነኝ በያት። ዋሸሽ እንጂ አልሰረቅሽ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የባሏን ሸሚዝ ስተኩስ ከርሜ? ሥራውም በዚያው ይቀራል።»

«ሥራው ይቅር» አሉ እህታቸው፤ «በሯ ትትረፍልን። እኔ ከዚህ አልጋ ሆኜ የምሰማው ያንቺን ኮቴ ነው፣ እህትዓለም።»

እና ቅዳሜ ሰባተኛው ሸሚዝ ተተኩሶ አለቀ። ሴትዮዋ ካውያውን ነቀሉ። መምህሩ ጡረታ በወጡ ዕለት ራሳቸው ለብሰውት የነበረውን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለበሱ፣ ከካርቶን ውስጥ ጫማቸውን አወጡ። በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ሁለት ጊዜ የገለበጡትን ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እኔ የዚህ ቤት ባለቤት፣ በሯ እንድትዘጋ አልስማማም» ይላል፤ ከሥሩ ስማቸውና ፊርማቸው።

ሊወጡ ሲሉ ሸሚዞቹን አዩ። ዛሬ መድረስ አለባቸው። በአንድ መንገድ ሁለቱንም ልጨርስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ላስረክባት አሉና ሰባቱን ከነማንጠልጠያቸው ክንዳቸው ላይ አደረጉ። እዚያ ላይ ተሳሳቱ።

«ዛሬስ አምሮብዎታል» አለ ዘበኛው።

ጎረቤትየዋ ከሁለት የማኅበሩ ሴቶች ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛው ላይ የስም ዝርዝር ተዘርግቷል። መጀመሪያ ያየችው ሸሚዞቹን ነው።

«መጣሽ? እዚያ ወንበር ላይ አድርጊው። ውይ፣ ምን ለብሰሽ ነው? እመቤትሽ የሰጡሽ ነው?» ወደ ሴቶቹ ዞር አለች። «ይቺ የነገርኳችሁ ናት። እጇ ወርቅ ነው፤ ደግሞ አፍ የላትም።»

«እንደሷ ያለ ከየት ይገኛል?» አለች አንደኛዋ። «የኔዋ እኮ መልስ ትመልሳለች።»

ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ እሱም ባሰባቸው። ሴትዮዋ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀሉ። እጃቸው ወደ ቦርሳቸው ሄዶ ቁልፉን ከፈተ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«እመቤትሽስ፣ ይመጣሉ?»

ሦስቱም ቀና ብለው አዩዋቸው። ሴትዮዋ አፋቸውን ከፈቱ።

«የሉም» አሉ።

«በቃ፣ ተስማምተዋል» አለችና ጎረቤትየዋ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አነሳችና ክንዳቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። «ይህን ለሰኞ አድርሺልኝ፣ እንግዳ አለብኝ።»

«እሺ» አሉ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ምሳ ዕቃውን ይዘው ሲደርሱ ግንበኞቹ ብሎኬቱን ደረት አድርሰውት ነበር። አንደኛው መጅ በመሰለ እጁ ላቡን ጠረገና፣ «እማማ፣ የሚሻገሩ ከሆነ ደግፈን እናሳልፍዎት። መመለሻው ግን አይኖርም፣ ከሰዓት እንጨርሰዋለን» አላቸው።

ሴትዮዋ የጠረጴዛውን ልብስ አሰቡ። ገና አልተተኮሰም፣ እንግዳዋ ደግሞ በአሥር ሰዓት ነው።

«ግድ የለም» አሉት፤ «በዙሪያው እሄዳለሁ።»

ወደ ቤታቸው ተመልሰው ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡ። ቦርሳው ከነፖስታው ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የጠረጴዛውን ልብስ ዘረጉ፣ ውሃ ረጩበት፣ ካውያውን ሰኩ። ታች፣ እህታቸው ምሳ የሚበሉት በሰባት ሰዓት ነው።