«እግር የላትም?»

እሁድ ዕለት ጋሼ ይማም ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር... እስካሁን እያብሰለሰልኩት ነው። ምግቡን አይደለም፣ ምግቡማ እጅ ያስቆረጥማል።

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚያዘወትር ሁሉ ጋሼ ይማምን ያውቃቸዋል። (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፣ ኮሜንት ላይ እንዳትገምቱ።) ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሠራተኛ መብት ማውራት ከጀመሩ ሰው ጉርሻውን አቁሞ ነው የሚያዳምጣቸው። እኔም አዲስ የመጣሁ ጊዜ ሚድ ሲቲ ሰፈር ውስጥ አፓርታማ ፈልገው ያገኙልኝ፣ በስማቸው የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው። ሶ ሰውየውን እወዳቸዋለሁ። እወዳቸው ነበር ልበል መሰለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ጋሼ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ሃያት፣ ጓደኛቸው ኑሩ እና እኔ ነን። ባለቤታቸው ሥራ ላይ ናቸው። እንደተቀመጥን ሰዓዳ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። ሲንኩ እኮ እዚያው ፊት ለፊታችን ነው! ጋሼ ግን ባህላችን ነው ይላሉ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን፣ እኔም ጭምር።

ሰዓዳ ጋሼ ከደሴ ያመጧት የሩቅ ዘመድ ልጅ ናት። ማን ናት ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «እንደ ልጄ ናት» ነው መልሳቸው። ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ እኔ ግን ፌርፋክስ ላይ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ለምን እንደሆነ አስቤውም አላውቅ።

ሃያት ትምህርት ቤት ዲቤት አለባት። ክርክሩ፣ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብሎ የጻፈው የአሜሪካ ሦስተኛው ፕሬዝዳንት የጻፈውን ኖሮታል ወይስ አልኖረውም የሚል ነው። ሰውየው ያን ሁሉ እየጻፈ እርሻው ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ባሪያዎች ነበሩት። ኑሩ በዚያ ዘመን ሁሉም እንደዚያ ነበር፣ በዛሬ ዓይን አትፍረዱበት አለ። ጋሼ ተቆጡ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«እኩል ናቸው ብሎ ጽፎ፣ ባሪያው ያነጠፈችለት አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው... ይኼ አስመሳይ ነው። ጻፊው፣ አስመሳይ ብለሽ ጻፊው።»

ሰዓዳ ወጥ ትጨምርልናለች። ለጋሼ ጨለፈች፣ ለኑሩ ጨለፈች።

ከዚያ ሃያት የሆነች ልጅ ታሪክ አመጣች። ፕሬዝዳንቱ ገና ፕሬዝዳንት ሳይሆን ፓሪስ በነበረ ጊዜ አንዲት ባሪያ ልጅ እዚያ አብራው ነበረች። በፈረንሳይ ሕግ ነጻነቷን መጠየቅ ትችል ነበር። እሷ ግን አብራው ተመለሰች፣ ልጆችም ወለደችለት። ሃያት ግራ የገባት እዚህ ላይ ነው፣ ለምን ተመለሰች?

ጋሼ አፋቸውን እየጠረጉ ሳቅ አሉ። «እንግዲህ ተመችቷት ነዋ! ነጻ አገር ከደረሰች በኋላ ማን አስሮ መለሳት? እግር የላትም?»

የሰዓዳ ጭልፋ ድስቱ ላይ ቆመ። ማናችንንም አላየችም። ድስቱን ከደነችና ወደ ኩሽና ገባች።

ሳህን ላግዝ ብዬ ተከተልኳት። የራሷ ምሳ ከሲንኩ አጠገብ ተቀምጦ ቀዝቅዟል፣ ቆማ ነው የምትበላው። ኦፍሽ፣ የምታርፊበት ቀን መቼ ነው አልኳት። ፈገግ ብላ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። ደሞዝስ? ለእናትሽ ይላካል ይሉኛል አለች። ፓስፖርቷ እንዳይጠፋባት ተብሎ ጋሼ ጋ ነው ያለው።

ጠበቃ የሆነች ጓደኛ አለችኝ፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በነጻ ነው የምታየው አልኳት። መኪናዬን በር ላይ ፓርክ አድርጌያለሁ፣ ልብስሽን ያዢና አሁኑኑ እንውጣ አልኳት። እሷ እጇን በሽርጧ እያደራረቀች አየችኝ።

«እህቴ፣ እናቴ ደሴ የምትኖረው የጋሼ ቤት ነው። እኔ ከዚህ ስወጣ እሷም ከዚያ ትወጣለች።»

ሳህኑን ሲንኩ ውስጥ አስቀመጥኩ። ስልክ ቁጥሬን አስያዝኳትና ወጣሁ።

ሃያት እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። ዲቤቱ ከብዷታል።

«ዳዲ ያለው ግን ሴንስ ያደርጋል፣ አይደል? መሄድ እየቻለች ለምን ትመለሳለች? አንቺ ምን ትያለሽ?»

ያ አፓርታማ ትዝ አለኝ፣ ፊርማቸው ትዝ አለኝ። ዝም ብዬ ልነዳ ቁልፉን ሁሉ አዙሬ ነበር... አላስቻለኝም።

«ኩሽና ግቢና ሰዓዳን ጠይቂያት።»

«ሰዓዳ ስለ አሜሪካ ሂስትሪ ምን ታውቃለች?»

«አንቺ ብቻ ጠይቂያት።»

በማግስቱ ጋሼ ደወሉ። ልጄን ምን ብለሻት ነው፣ ቤቴን ልታፈርሺ ነው እንዴ፣ ያን ሁሉ ውለታዬን ረሳሽ ወይ አሉኝ። ውለታቸው እውነት ነው፣ አልካድኩም። የእናቷን ነገር ሳነሳባቸው ግን ጮኹብኝ።

«እንደ ልጄ ያየሁሽ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። እኔንም!

ሰዓዳ እስካሁን እዚያው ናት። እናቷን የሚያስጠጋ ሰው ደሴ ውስጥ እያፈላለግኩ ነው። እሱ ሳይገኝ ንቅንቅ እንደማትል ነግራኛለች፣ እኔም አልፈርድባትም።

ዛሬ ጠዋት ሃያትን ዲቤቱ እንዴት ሆነ ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። ስለ ዲቤቱ ምንም ሳትል ይህን መለሰችልኝ፦

«ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ እጄን ሲንኩ ላይ ነው የምታጠበው። ዳዲ ያየኛል፣ ምንም አይለኝም።»

ፕሬዝዳንቱስ ሞቶ ተገላገለ... ጋሼ ይማም ግን ከልጃቸው ፊት ተቀምጠው ገና ብዙ ምሳ ይበላሉ።