ሁለት እህቶች በሁለት መስመር

ለሥራ ተሰድጄ ዐማራት ከሚባል ሰፈር ከሐጃ ቤት ስቀጠር ሥራዬ ማጽዳት፣ ማብሰልና ሐጃን መጠበቅ ነበር። ሐጃ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ ብዙ አይራመዱም። ጠዋት በረንዳው ላይ ካለው አንገሬብ፣ ማለትም በገመድ ከተጠለፈው አልጋ ላይ ካስቀመጥኳቸው፣ እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት ድረስ እዚያው ናቸው። እግራቸው ቢደክምም ምላሳቸው ግን አልደከመም ነበር። በአረብኛ አንቱ ብሎ ነገር የለም፤ ትልቁም ትንሹም አንድ ነው። እኔ ግን የወሎ ልጅ ነኝና በሆዴ ሁልጊዜ አንቱ እላቸው ነበር። ዛሬም ስለሳቸው ሳወራ ከዚያ አልወጣም።

ይህን ሁሉ ነገር ያመጣውን ስልክ የላከው ዱባይ የሚሠራው አንድ ልጃቸው ነው። ሞባይል ገና በየሰው እጅ ያልገባበት ጊዜ ነበር። ልጁ በደወለ ቁጥር የቤቱ መስመር ተይዟል፤ ሐጃ ወይ ኦምዱርማን ከሚኖሩት እህታቸው ጋር እያወሩ ነው፣ ወይ ጀሪፍ ከሚኖሩት እህታቸው ጋር። ሲመረው ለራሱ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መስመር አስገባላቸው። ቀጥሎም ሁለቱን መስመር ባንድ ላይ የሚይዝ ገመድ አልባ ስልክ ገዝቶ በሰው ላከ፤ እናቱ እየተነሱ ወደ ሳሎን እንዳይሄዱ ብሎ ነው።

የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መጥቶ ግድግዳው ላይ ሁለተኛውን መሰኪያ ገጠመ። ካርቶኑን ሲያይ ግን ይኼ የኔ ሥራ አይደለም ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ካርቶኑ ውስጥ ቁጥርና ድምፅ ማጉያ ያለው መቀመጫ፣ ሁለት የመነጋገሪያ እጀታ፣ ሁለት ባትሪና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም መመሪያ ነበር።

"አንቺ ቢት፣" አሉኝ ሐጃ። ልጅት ማለታቸው ነው። "እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ አላልሽኝም?"

"እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ሐጃ።"

"ለስልክ ዘጠነኛ ክፍል ይበቃል።"

መመሪያውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ግማሹ ቃል አይገባኝም፤ ስዕሎቹ ግን ደጎች ነበሩ። አንዱን ገመድ ከአሮጌው ስልክ ጎን ለአሮጌው መሰኪያ፣ አንዱን ለአዲሱ ሰካሁ። ባትሪዎቹን በየእጀታው ከተትኩ። መመሪያው ከመጠቀም በፊት ባትሪው ቀንና ሌሊት ቻርጅ ይደረግ ይላል። ይህን ስነግራቸው ሐጃ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ለምን? ይጾማል እንዴ?"

"እንዲያውም መብላቱ ነው። ሳይጠግብ አይሠራም።"

ከዚያ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ "ጠገበ?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። አንዴ ወጥ ቤት ሆኜ ሳላያቸው እጀታውን አንስተው ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው አገኘኋቸውና ከልጅ እጅ ቢላ እንደሚነጠቅ ነጠቅኳቸው።

በማግስቱ ስልኩ ጠገበ፤ አልሠራም። የመስመሩ ድምፅ ጆሮ ላይ ይጮኻል፤ ቁጥር ስጫን ግን ምንም እንዳልተጫነ ዝም ብሎ ይጮኻል። ሐጃ ከአንገሬባቸው ላይ ሆነው የልጃቸውን ገንዘብ ውሃ እንደበላው ይናገራሉ። መመሪያውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጥኩት። በመጨረሻ መቀመጫውን ብገለብጠው ከሆዱ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል መቀያየሪያ አገኘሁ። በፀጉር ማስያዣዬ ወደ ቀኝ ገፋኋት፤ ስልኩ ሠራ። ሐጃ "ማሻአላህ" አሉና ወዲያው የልጃቸውን ገንዘብ ይቅር አሉት።

አንዱን እጀታ ለሳቸው፣ ሌላውን ለራሴ አደረግኩ። እጀታ ከእጀታ ጋር በውስጥ መስመር እንደሚነጋገር ካሳየኋቸው በኋላ መጣራት ቀረ። አምስት እርምጃ ርቄ እያዩኝ ይደውሉልኛል። ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ወገቤ ላይ ይጮኻል።

"ጎረቤት ግቢ ምን ይታያል?" ይሉኛል።

"ሁለት መኪና ቆሟል።"

"የማነው አንዱ?"

"አላውቀውም፣ ሐጃ።"

"ታዲያ ለምን ወጣሽ?"

ልብስ ላሰጣ እንደወጣሁ ሁለታችንም ረስተነው ነበር። እውነቱን ለመናገር ወሬውን እኔም ወድጄው ነበር።

መመሪያው መጨረሻ አካባቢ ሁለቱን መስመር ስለማገናኘት የሚያወራ ገጽ አለ። ባንዱ መስመር ለአንድ ሰው፣ በሌላው ለሌላ ሰው ትደውላለህ፤ ከዚያ አንድ ቁልፍ ስትጫን ሦስታችሁም ትገናኛላችሁ። ይህን ለሐጃ ሳነብላቸው ዓይናቸው በራ። ምን እንዳሰቡ ወዲያው ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦምዱርማን እህታቸው ታላቅ፣ የጀሪፍ እህታቸው ታናሽ ናቸው፤ ሐጃ መሐል። ታላቅና ታናሽ ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የጥሉ መነሻ ኹምራ ነው፤ የጀሪፍ እህታቸው ለዘመድ ሙሽራ ቀምመው ያመጡት የሙሽራ ሽቶ። ታላቅየዋ በሴቶች ፊት አሽትተው መጥፎ ቃል ተናገሩ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በየቀኑ ለሐጃ እየደወሉ አንዳቸው ሌላቸውን ያማሉ። ሐጃም ከዚያ የሰሙትን እዚህ፣ ከዚህ የሰሙትን እዚያ ያደርሳሉ።

"ሳያውቁ እናገናኛቸው፣" አሉኝ ሐጃ።

"ለማስታረቅ?"

"ሲጣሉ ለመስማት።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እኔም መስማት ፈልጌ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ታላቅየዋ ስልክ አጠገብ ነው የሚውሉት፤ ገና ሳይጮኽ አነሱ። ደንግጬ መስመሩን ማቆያ ላይ አደረግኩትና ወደ ጀሪፍ ስደውል፣ ማቆያው ለካ ሙዚቃ አለው። ታናሽየዋ ሳያነሱ ታላቅየዋ ዘጉ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ደወሉና ለሐጃ ነገሩ፤ የሆነ ሰው ደውሎ ምንም ሳይናገር ሙዚቃ አሰማኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይሆን አሉ። ሐጃ ሳቃቸውን ለመዋጥ የተጠቀለሉበትን ረጅም ልብስ፣ የቶባቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ሁለተኛውን ቀን አስበንበት ጀመርን። የጀሪፏ ስልክ ሳሎን ነው፤ ሰውነታቸውም ከባድ ስለሆነ ለማንሳት ይዘገያሉ። ስለዚህ አስቀድሜ ለሳቸው ደወልኩ፤ አምስት ጊዜ እስኪጠራ ጠብቄ ለኦምዱርማኗ ደወልኩና ሁለቱን መስመር አገናኘሁ። ድምፃችን እንዳይሰማ የሚያደርገውን ቁልፍ ስጫን ትንሿ ቀይ መብራት በራች። እጀታውን ለሐጃ ሰጠኋቸው፤ እኔ በሌላኛው እጀታ፣ ያው ድምፄን አጥፍቼ፣ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"አሎ?" አሉ ታላቅየዋ።

"አሎ?" አሉ ታናሽየዋ።

ድምፅ ለድምፅ ወዲያው ተዋወቁ።

"ደወልሽ እንግዲህ፣" አሉ ታላቅየዋ።

"እኔ? ስልኩ ጮኾ ነው ያነሳሁት።"

"የኔም ጮኾ ነው።"

"ስልክ ከራሱ ተነስቶ አይጮኽም።"

ሐጃ በደስታ ጭናቸውን በእጃቸው ይመታሉ። ሁለቱም የሚዘጉ መስሎን ነበር፤ ማናቸውም አልዘጉም። ቀድሞ የዘጋ የተሸነፈ ይመስለዋል መሰለኝ።

ታናሽየዋ ቀድመው "ጉልበትሽ ተሻለሽ?" አሉ።

"ጉልበቴን ማን ነገረሽ?"

"እህታችን ናታ።"

"ሌላስ ምን ነገረችሽ?"

"ኹምራሽ ፍየል ፍየል ይሸታል ብላለች አለችኝ።"

"እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት?" አሉ ታላቅየዋ። "የተቃጠለ ስኳር ይሸታል ነው ያልኩት። ስለ ፍየል አልተናገርኩም። ፍየሉን የጨመረችው እሷ ናት።"

ሐጃን ቀና ብዬ አየኋቸው። ጭናቸውን መምታት ትተዋል።

እህቶቻቸው ከዚያ ወዲያ ጥሉን ትተው ሒሳብ ማስተያየት ያዙ። አንቺ እንዲህ አልሽ ወይ? አላልኩም። እኔ ይህን ብያለሁ ተብሎ ተነገረሽ? አዎን። ሐጃ በአራት ዓመት ውስጥ ያመላለሱት ወሬ ሁሉ፣ እያንዳንዱ፣ መንገድ ላይ ትንሽ ጨው ተነስንሶበት ነበር። ሁለቱም እየተናደዱ፣ እየተናደዱም ሳቅ እየቀደማቸው ሄዱ። እኔ ለሐጃ ደንግጬ የማደርገው ጠፋኝ።

"ለነገሩ ዳሌዋም ከዳነ ቆይቷል፣" አሉ የጀሪፏ። "ሰንፋ ነው እንጂ መሄድ ትችላለች። ያቺ ሐበሻ አሞላቀቀቻት።"

"ውሸታም።"

ይህን ያሉት ሐጃ ናቸው። ጣታቸው መቼ ቁልፉን እንደነካ እንጃ፤ ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። እኔ ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ ዘልዬ ሄጄ የስልኩን መቀመጫ ከኤሌክትሪክ ነቀልኩት። መስመሩ ሞተ።

ብዙም አልቆየ፣ ሳሎን ያለው አሮጌው ባለ ገመድ ስልክ ጮኸ። ሐጃን ደግፌ ወሰድኳቸው፤ የዚያን ቀን በፍጥነት ተራመዱ። የኦምዱርማኗ ነበሩ። ድምፃቸው ከእጀታው አልፎ ለኔም ይሰማኛል።

"ምን ትሠሪያለሽ?" አሉ።

"ምን እሠራለሁ፣" አሉ ሐጃ። "ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ተቀምጫለሁ።"

"ከኋላሽ የሚያጓራው ምንድነው ታዲያ?"

ሙከይፉ ነበር፣ በውሃና በመብራት የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ። መስኮቱ ላይ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሐጃ ወደሱ ዞር ብለው አዩት። እህታቸው "ኸላስ፣ በቃ ገባኝ" ብለው ዘጉ።

ከዚያ በኋላ መቀመጫውን መልሼ ብሰካውም ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩ አልጮኸም። የኦምዱርማኗም የጀሪፏም አልደወሉም። ሐጃ እጀታውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። የመስመሩ ድምፅ አለ ወይ ብለው ያዳምጡና ይመልሱታል። ምግብ አይበሉም። በሁለተኛው ቀን እግራቸውን ሳሽላቸው ሳይጠየቁ ተናገሩ።

"ድሮ እሑድ እሑድ ሁለቱ ተያይዘው ገበያ ይሄዱ ነበር። እኔን የሚያስታውሰኝ የለም። ከተጣሉ ወዲህ ነው በየቀኑ የሚደውሉልኝ። ቢታረቁ ማን ይደውልልኛል ብዬ ፈራሁ።"

እናቴም ደሴ ሆና ስልክ የምትጠብቅ ሰው ናት። እግራቸውን ማሸቴን ቀጠልኩ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ታላቅና ታናሽ አንድ ላይ ቆመዋል። አራት ዓመት አብረው ታይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሰላምታዬን ሳይቀበሉ አልፈውኝ ገብተው ሐጃን ግራና ቀኝ ከበቧቸው።

"የተቃጠለ ስኳርን ፍየል ያደረግሽው ምን ይሁን ብለሽ ነው?" አሉ ታላቅየዋ።

ሐጃ በጣታቸው ወደኔ ጠቆሙ። "ስልኩን ያገናኘችው እሷ ናት።"

"ስልኩን አልጠየቅንሽም።"

እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ሸሸሁ፤ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ግን አልራቅኩም። ሐጃ መጀመሪያ ካዱ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። በመጨረሻ ለኔ የነገሩኝን ለነሱም ነገሯቸው፤ ድምፃቸው አንሶ ነበር። ውሃውን ይዤ ስገባ ታናሽየዋ እያለቀሱ፣ ታላቅየዋ የሐጃን ቶብ እያስተካከሉ አገኘኋቸው።

"አንቺ ሞኝ፣" አሉ ታላቅየዋ። "ካልደወልን አንቺ አትደውይም?"

ምሳ አብረው በሉ፤ ቁጣቸውም እየመጣ እየሄደ እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ቆየ። ታናሽየዋ ወጥ ቤት ድረስ መጥተው አሞላቀቀቻት ብዬሻለሁ፣ ሰምተሻል አይደል አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኳቸው። "ማላሽ" አሉኝ፤ ይቅርታ ማለታቸው ነው። ወዲያው ደግሞ ያቺን ሁለቱን መስመር የምታገናኝ ቁልፍ አሳዪኝ አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ሆነ። ለአንዷ በአንዱ መስመር፣ ለሌላዋ በልጁ መስመር እደውልና አገናኝቼ እጀታውን ለሐጃ እሰጣለሁ። ሦስቱም ባንዴ ያወራሉ፤ ማን ማንን እንደሚሰማ አላውቅም። ልጃቸው ሁለተኛው መስመርም ተያዘ ብሎ ሲነጫነጭ ሐጃ ሦስተኛ አስገባ አሉት። ታላቅና ታናሽ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ተጣልተዋል፤ ግን በቀጥታ፣ ያለ አድራሽ ነው። ሐጃ ሲጣሉ መሐል እየገቡ "እኔ የለሁበትም" ይላሉ።

ያን ጁምዓ ሲሄዱ አምጃድ፣ ያቺን ትንሿን የኪራይ መኪና፣ ጠርቼ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። ታላቅየዋ ከሹፌሩ አጠገብ ልቀመጥ አሉ፣ ጉልበቴን ያመኛል ብለው። ታናሽየዋ እኔ ነኝ ወፍራሟ፣ ከኋላ አልመችም አሉ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ጠበቃቸው። ሐጃ ማንም ሳይደግፋቸው እስከ በሩ መጥተው፣ መቃኑን ይዘው ጭቅጭቁን ያዳምጡ ነበር። በኋላ ሁለቱም ተናደው ከኋላ ተቀመጡና ሹፌሩ ብቻውን ከፊት ሆኖ ነዳ።