የመጨረሻው ሲሶ

«አንቺ መቼም ሰው ሲድን ደስ አይልሽም» አለችኝ ሰሚራ ፊት ለፊት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ጣና ዳር ሻይ ቤት ተሰብስበን በሳምንቱ ያነበብነውን የምናብ ዓለም ልቦለድ እየተቸን ነበር። የሞተችው ንግሥት በመጨረሻው ምዕራፍ ብድግ ብላ ትነሣለች። እኔ «ደራሲው ፈሪ ነው፤ ዋሽቶናል» አልሁ። ሰሚራ እንደዚያ ብላ መለሰችልኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ወደ አሥራ አንድ ዓመቴ ተመለስሁ።

ልጆች ሳለን ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። ለእኛ ለአንድ ቀን ያውሱናል። አንድ ቀን ደግሞ ለሦስት አንባቢ አይበቃም። ስለዚህ እኔ፣ ሰሚራና ጎረቤታችን ናቲ መጽሐፉን በምላጭ ለሦስት እንከፍለውና ስንጨርስ ሰሚራ ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ባመጣችው መርፌና ክር መልሳ ትሰፋዋለች። ሰፊዋ እሷ ስለሆነች የመጨረሻው ሲሶ ሁልጊዜ የእሷ ነው። መጀመሪያው የናቲ፣ መሃሉ የእኔ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረን፣ የዓሣ ጥብስ እየሸተተን፣ በየተራ እንተርካለን። ቀጥሎ ፍርድ ነው። «ይቺ ጠንቋይ ደደብ ናት!» «ኮከብ ላይ ውኃ ከየት አምጥቶ ታጠበ?» እንደዚያ የጦፈ ክርክር ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

አንዱ መጽሐፍ ሽፋን አልነበረውም። ታሪኩ ከእግሯ ጀምራ ወደ መስታወት እየተለወጠች ስላለች ሴት ነው፤ ልጇ መድኃኒት ፍለጋ ሌላ ኮከብ ድረስ ትሄዳለች። የእኔ ሲሶ ልጅቱ መድኃኒቱን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ አለቀ። ያን ሰሞን እናቴ ታማ፣ ከአክስቴ ጋር ወንዛዬ ፍል ውኃ ነበረች።

«ዳነች?» አልኋት ሰሚራን።

«ዳነች።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ተነሥታ ሹሩባ ሠራችላት አልሁሽ እኮ!»

ናቲ «በቃ? እንዲህ በቀላሉ? አይረባም» ብሎ ተነጫነጨ። በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ አባቴ «እናትሽ ትፈልግሻለች፣ ተነሺ እንሂድ» አለኝ። እምቢ አልሁ። ትመጣ የለ እንዴ? ድና ስትመጣ ትሠራኛለች ብዬ ጸጉሬን ፈትቼ ጠበቅሁ። አባቴ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው ብቻውን ሄደ። እሑድ አስከሬኗን ይዞ መጣ።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ያንኑ መጽሐፍ ሽማግሌው ዘንድ አገኘሁት፤ የሰሚራ አረንጓዴ ክር እንዳለ ነው። የመጨረሻውን ሲሶ እዚያው ቆሜ አነበብሁት። መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። ልጅቱ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ግን የእናቷ አፍ ገና መስታወት ሳይሆን ትደርስና እስኪበቃቸው ያወራሉ።

ዛሬ ሁሉም መጽሐፉን ሙሉውን በስልኩ ይዞ ይመጣል። መጨረሻውን ለማወቅ የማንንም አፍ አይጠብቅም። ጥሩ ነው፤ እሰየው። ብቻ ያኔ ጓደኛዬ ያለችኝን ያመንሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ማንንም አላመንሁም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ይናፍቀኛልም።

ሳቁ ሲበርድ «ሰሚራ፣ ያቺ የመስታወቷ ሴት ድናለች?» አልኋት።

ፊቷ ተለወጠ። «አንብበሽዋል?»

«ድሮ።»

«እማዬ ናት እኮ ያስዋሸችኝ… እናትሽ እንደማትተርፍ ሰምታ ‹ልጅቱን እንዳታስከፊያት› አለችኝ። እኔስ ልጅ አልነበርሁም?»

«አባቴ ወደ እናቴ ሊወስደኝ መጥቶ ነበር። አንቺ ዳነች ስላልሽኝ ቀረሁ።»

ሰሚራ አፏን በእጇ ያዘች። «አላውቅም ነበር» አለች። «በአላህ፣ ተቀመጪ።»

ሻዬን ሳልጨርስ ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ ባጃጆቹ ሄድሁ።